አንድ ሐይቅ፣ አራት ኤዲተር፦ የሐዋሳን ምድር ማፕ ለማድረግ የትኛው ጌም ይሻላል?

የራሱን የጌም ማፕ መሥራት የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ኤዲተር (ማፕ መሥሪያ) ይቀላል?» ብሎ ነው። መልሱ ብዙም አይጠቅመውም፤ የዌስኖትን፣ የሂሮስ 3ን፣ የሲቪላይዜሽንንና የዩኒሲቭን፣ አራቱንም አንድ ከሰዓት ተቀምጦ የነካካ ሰው ይለምዳቸዋል። ልዩነቱ ያለው ምድሩ ጌሙ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባውን ወንዝ፣ ጥቁር ውሃን፣ ዌስኖት ላይ ብትስሉት ወታደር የሚያልቅበት ወጥመድ ይሆናል። ሂሮስ 3 ላይ ያው ወንዝ ከጌጥነት አያልፍም። ሲቪላይዜሽን ላይ ደግሞ በሁለት ቦታዎች መካከል የተሰመረ ድንበር ነው እንጂ ራሱን የቻለ ቦታ እንኳ የለውም።

ስለዚህ እዚህ አራቱን የምናወዳድረው በአንድ መሬት ላይ ነው፦ የሐዋሳ ሐይቅና ዙሪያው። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተማው በምሥራቅ ዳር ተቀምጧል፤ የታቦር ኮረብታ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ የአላሙራ ኮረብታ ወደ ደቡብ። ከከተማው በስተምሥራቅ የጨለለቃ ረግረግ አለ፣ ከዚያ በኩል የሚመጣው ጥቁር ውሃ በሰሜን ምሥራቅ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከሐይቁ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። ለማፕ ሠሪ ምድሩ ውሃም፣ ረግረግም፣ ኮረብታም፣ ከተማም ይዟል። የሚጎድለው ሚዛን ነው፤ ምሥራቁ ሁሉን ጠቅልሎ ይዞ ምዕራቡ ዳር ሜዳ ብቻ ይቀረዋል። ይህን መዛባት አራቱ ጌሞች በየራሳቸው መንገድ ነው የሚያስተናግዱት፤ ምርጫችሁም እዚያ ላይ ይወሰናል።

ለቸኮለ ሰው፦ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚወሰን ውጊያ ከፈለጋችሁ ዌስኖት። ለሦስትና ለአራት ሰው አንድ ላፕቶፕ ብቻ ካለ ሂሮስ 3። ከተማ እየቆረቆሩ ዘመን መሻገር ከሆነ ሲቪላይዜሽን። እሱን መግዣ ካርድ ወይም የሚሸከም ማሽን ከሌለ፣ ወይም ያላችሁ ስልክ ብቻ ከሆነ ዩኒሲቭ።

መጀመሪያ ደብተር

የትኛውንም ብትመርጡ ኤዲተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አውጡ። የሳተላይት ካርታውን ስክሪን ላይ ከፍታችሁ አንድ ካሬ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ወስኑ፤ ከዚያ መጀመሪያ የሐይቁን ዳር ብቻ በእርሳስ አስምሩ። ኮረብታውና መንገዱ በኋላ ይደርሳል። ይህን የሚዘል ሰው ብዙውን ጊዜ ከተማውን አሳምሮ ከሠራ በኋላ ሐይቁ ማፑ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃል፤ ያኔ ወይ ሐይቁን ያጠብበዋል ወይ ሁሉን አጥፍቶ ይጀምራል።

አንድ ነገር ግን ከልኬቱ ጋር አትሟገቱ። ታቦር በ1 ኪሎ ሜትር ልኬት አንድ ካሬ ብቻ ነው የሚሆነው፤ አንድ ካሬ ኮረብታ ላይ ደግሞ ጌም አይጫወትም። 3 ወይም 4 ስጡት። ሐዋሳን የሚያውቅ ተጫዋች ታቦርን የሚያውቀው በቦታው ነው፣ በስፋቱ የሚከራከር የለም።

ዌስኖት፦ ምድሩ ራሱ የሚዋጋበት

ባትል ፎር ዌስኖት ከ2003 ጀምሮ ያለ ነጻ ጌም ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ኤዲተሩ ዋናው ሜኑ ላይ አለ፣ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። ምድሩ ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ሄክሶች የተከፋፈለ ነው። በግራ ክሊክ አንድ የመሬት ዓይነት፣ በቀኝ ክሊክ ሌላ ትቀባላችሁ፤ ስለዚህ በግራ ውሃ፣ በቀኝ ሣር አድርጋችሁ የሐይቁን ዳር እያስተካከላችሁ መሄድ ነው።

እዚህ ጌም ውስጥ የመሬቱ ዓይነት ሁለት ነገር ይወስናል። አንዱ ለመግባት ስንት እርምጃ እንደሚያስከፍል፣ ሌላው እዚያ የቆመው ወታደር ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚሳት። ተራ የሰው እግረኛ 5 እርምጃ አለው እንበል። ሣር 1 ያስከፍለዋል፣ 40% ይሳታል። ደን 2 እና 50%። ኮረብታ 2 እና 50%። ተራራ 3 እና 60%። መንደር 1 እና 60%። ጥልቀት የሌለው ውሃና ረግረግ ግን እያንዳንዳቸው 3 ያስከፍሉታል፣ የሚሳተውም 20% ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ጥቁር ውሃ ውስጥ ቆሞ የተገኘ ጦረኛ ከአሥር ምት ስምንቱን ይቀበላል። ድልድይ ካላደረጋችሁለት ወንዙን ማንም በፈቃዱ አይሻገረውም፤ ድልድይ ካደረጋችሁ ደግሞ ጦርነቱ በሙሉ እዚያች አንዲት ሄክስ ላይ ይከማቻል። ሁለት ድልድይ፣ በመካከላቸው 5 ወይም 6 ሄክስ፣ ይበቃል።

አሁን ሐይቁን በልኩ እናስቀምጠው። አንድ ሄክስ 1 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 33 በ26 የሆነ ማፕ 858 ሄክስ አለው፤ ሐይቁ 90 ያህሉን ይወስዳል። መጠኑ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ቅርጹ ላይ ነው። ሐይቁ ከላይ እስከ ታች 16 ረድፍ ስለሚይዝ በሰሜንና በደቡብ የሚቀረው መተላለፊያ ከ5 ረድፍ አይበልጥም። አንዱን አዛዥ ከተማው ላይ፣ ሌላውን ምዕራብ ዳር ብታስቀምጡ በቀጥታ 22 ሄክስ ይራራቃሉ፤ ሐይቁን ዞሮ ለሚሄድ እግረኛ ግን መንገዱ ወደ 30 ይደርሳል።

ይህች የ8 ሄክስ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ጨዋታውን የምታበላሸው ግን እሷ ናት። ዌስኖት ላይ 6 ዙር አንድ ቀን ነው፦ ንጋት፣ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ከዚያ ሁለት የሌሊት ዙር። የብርሃን ወገኖች በጠዋትና በከሰዓት 25% ጨምረው ይመታሉ፣ የጨለማዎቹ በሁለቱ ሌሊቶች። በ1ኛው ዙር የተቀጠረ ወታደር መንቀሳቀስ የሚጀምረው በ2ኛው ነው። በ30 ሄክስ መንገድ ላይ ሁለቱም ወገን በዙር 5፣ 5 ሄክስ ቢራመዱ 15ኛዋ ላይ የሚገናኙት በ4ኛው ዙር ምሽት ላይ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሌሊት ነው። ማፑን የሠራችሁት ሐዋሳን ብላችሁ ነው፤ ማፑ ግን ኦርክና ሙታን የያዘ ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመታበት ሆኖ ቁጭ ይላል። መፍትሔው አዛዦቹን ወደ ሰሜኑ መተላለፊያ ማስጠጋት ነው፣ መንገዱ ወደ 20 እስኪወርድ። ያኔ በ3ኛው ዙር ከሰዓት ይተያያሉ፣ ዋናው ፍልሚያ ማንም ጭማሪ በማያገኝበት ምሽት ይከፈታል። የመነሻ ሰዓቱን በዕጣ የሚያደርግ ምርጫ ጌሙ ውስጥ አለ፤ ማፕ ስትፈትሹ አጥፉት፣ አለበለዚያ የማፑን ጉድለት ከዕጣው መለየት አትችሉም።

የሐይቁን ውስጥ በጥልቅ ውሃ ሙሉት፣ እግረኛ አይገባበትም። ዳሩን ግን አንድ ሄክስ ብቻ ጥልቀት የሌለው ውሃ አድርጉት። ሁለትና ሦስት ረድፍ ካደረጋችሁት የዓሣ ሰዎቹ እዚያ ውስጥ 60% እየተሳቱ ዳር ላይ ያለውን ሁሉ ይለቅማሉ፤ ዋናተኛ የሌላቸው ድዋርፎች ደግሞ ማፑን ገና ሲያዩት ይሸነፋሉ። ጨለለቃም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ረግረግ ለሰው 20% ሲሆን ለእንሽላሊቶቹ 60% ነው። አንድ ሰፊ ረግረግ ለአንድ ወገን የተሰጠ ምሽግ ማለት ነው። በመካከሉ ሣር እየጣላችሁ በታትኑት።

ለውድድር የሚሆን ማፕ ከሆነ ምድሩን እንዳለ መቅዳት አይሠራም፣ ምሥራቁን ወደ ምዕራብ በመስተዋት መገልበጥ አለባችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት አንዲት ነገር አለች። ዌስኖት ላይ አንዱ ዓምድ ከጎኑ ካለው ግማሽ ሄክስ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። የዓምዶቹ ብዛት ተጋማሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 34፣ ከሆነ የግራው ጫፍና የቀኙ ጫፍ አይመሳሰሉም፤ በዓይን አንድ የሚመስል መንገድ ለአንዱ ወገን በአንድ እርምጃ ይረዝማል። ለዚህ ነው 33 ያልነው። የግራ ቀኝ ግልባጭ ጎዶሎ ቁጥር ዓምድ ይፈልጋል።

የቀረው ጥቃቅን ነው። አዛዡ የሚቆምበት ግንብ ዙሪያ 6 የግንብ ሄክስ ይበቃል፤ በተለመደው 100 ወርቅ በመጀመሪያው ዙር ከዚያ የሚበልጥ ወታደር እምብዛም አይቀጠርም። ግንቦቹ እርስ በርስ ካልተነካኩ ግን የተቆረጠችው ሄክስ ላይ ወታደር አይወጣም። መንደሮችን ለዚህ ስፋት ከ18 እስከ 22 አድርጉ። መንደር በየዙሩ ገቢ ይሰጣል፣ በውስጡ ያደረን ወታደር 8 ነጥብ ያክማል፤ ስለዚህ ታቦር ጥግ ላይ መንደር ማድረግ ታቦርን ለመጀመሪያው ደራሽ ማስረከብ ነው። የመነሻ ቦታዎቹን በቁጥር ምልክት ማድረግ ከረሳችሁ ማፑ ይከፈታል፣ ግን ተጫዋች አይኖረውም።

ሂሮስ 3፦ ምድሩ መንገድ ብቻ የሆነበት

በ1999 የወጣው ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3 እስከ ዛሬ የሚጫወቱት ሰዎች አላጣም። ኤዲተሩ ከጌሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ለብቻው የሆነ ፕሮግራም ነው። ሰሌዳው በካሬ ነው፦ ትንሹ 36 በ36፣ መካከለኛው 72 በ72፣ ትልቁ 108 በ108፣ ግዙፉ 144 በ144፤ ለሁሉም ከመሬት በታች ሌላ እኩል ሰሌዳ መጨመር ይቻላል። ለሁለት ሰው 72 ውሰዱ። አንድ ካሬ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን 36 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ ሐይቁ ከ5184ቱ ካሬ 360 ያህሉን ይይዛል። ለምድር በታቹ ሰሌዳ ሰበብ ከፈለጋችሁ ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ በቂ ነው።

የውጊያው ጥቅምና ጉዳት እዚህ መሬቱ ላይ አይደለም፤ ውጊያ ሲጀመር ሌላ ሰሌዳ ይከፈታል። መሬቱ የሚለካው በእርምጃ ብቻ ነው። ጀግናው በቀን ከ1500 እስከ 2000 ነጥብ አለው፣ እንደ ሠራዊቱ ዘገምተኛ አባል። ሣር በካሬ 100 ይወስዳል፣ አሸዋ 150፣ ረግረግ 175። የተነጠፈ ድንጋይ መንገድ ወደ 50 ያወርደዋል። ስለዚህ በሣር 15 ካሬ የሚሄድ ሰው በድንጋይ መንገድ 30 ይሄዳል፣ በጨለለቃ ውስጥ ግን 8 ብቻ። የሠራዊቱ አባላት በሙሉ የረግረግ ተወላጅ ከሆኑ ቅጣቱ የለም፤ ፎርትረስ የሚባለውን ከተማ ለምሥራቁ ተጫዋች ከሰጣችሁ ጨለለቃን ጓሮው አድርጋችሁለታል ማለት ነው።

ወንዙ ላይ ነው ሰው የሚሞኘው። ኤዲተሩ የወንዝ መሣሪያ አለው፣ ጥቁር ውሃን በአንድ ካሬ ስፋት አሳምሮ ይስለዋል። ጀግናው ግን እንዳላየው ረግጦት ያልፋል፤ ሂሮስ 3 ላይ ወንዝ እንቅፋት አይደለም። በውሃ መሬት ልሣለው ብትሉ ደግሞ ኤዲተሩ ዳሩን ራሱ ስለሚያስተካክል ጠባብ ወንዝ እሺ አይልም። ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ወንዙን ለዓይን ሳሉት፣ ዳርና ዳሩን በዛፍና በድንጋይ ዝጉት፣ ማለፊያ ክፈቱለት፣ ማለፊያው ላይ ጠባቂ አቁሙ። አንድ ጠባቂ በዙሪያው ያሉትን 8 ካሬዎች ይጠብቃል፤ ስለዚህ እስከ 3 ካሬ የሚሰፋ ማለፊያ መካከሉ ላይ በቆመ አንድ ጠባቂ ይዘጋል። 4 ካደረጋችሁት አንዱ ጥግ ክፍት ነው፣ ተጫዋቹም ያገኘዋል፣ እመኑን።

እያንዳንዱ ዕቃ የሚዘጋው ካሬና የሚገባበት ካሬ አለው። ኤዲተሩ ላይ ማለፊያውን የሚያሳየውን ዕይታ ስታበሩ መግቢያው በቢጫ፣ የተዘጋው በቀይ ይታያል። ቢጫዋ ላይ ዛፍ ከወደቀች ማዕድኑ ይታያል፣ አይገባም። ማፑን የሚፈትሸው ትዕዛዝ ይህን ሁሉ አያወጣላችሁም፤ የግድ ተጫውቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሚዛኑ እዚህ የሚስተካከለው በማዕድንና በጠባቂ ነው፣ ምድሩን መገልበጥ አያሻም። ለምዕራቡ ሜዳ ብቻ ደርሶታል? የወርቅ ማዕድን ስጡት፣ በቀን 1000 ነው። እንጨትና ድንጋይ በቀን 2፣ ሌሎቹ 1 ይሰጣሉ፤ የእንጨትና የድንጋዩ ከሁለቱም ከተማ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ መሆን አለባቸው፣ ያለ እነሱ ግንባታው ይቆማል። የጠባቂውን ቁጥር በዕጣ አትተዉት፣ ጻፉት። ካልከለከላችሁት በየሳምንቱ በ10% ይጨምራል፦ 30 ብላችሁ ያቆማችሁት ከ4 ሳምንት በኋላ ወደ 43 ይደርሳል። ዘግይቶ የሚደርስ ተጫዋች የበለጠ እንዲቸገር ካልፈለጋችሁ «አያድግም» የሚለውን ምልክት አድርጉበት።

ሐይቁን ለማቋረጥ ጀልባ መሥሪያ ይፈልጋል፤ አንድ ጀልባ 1000 ወርቅና 10 እንጨት ነው። ጀልባ ላይ መውጣትና መውረድ የቀኑን ቀሪ እርምጃ ይበላል። በ72 ማፕ ላይ በሰሜን በኩል የድንጋይ መንገድ ከዘረጋችሁ ጀልባውን የሚነካው ሰው አይኖርም፣ ከተማው ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ ያስቀመጣችሁት ወደብም ባዶ ይቀራል። ጀልባው ሥራ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ሐይቁ መካከል ደሴት ፍጠሩ፣ ጥሩ ቅርስ አስቀምጡበት። እውነተኛው ሐይቅ እንዲህ ያለ ደሴት የለውም፤ ይሁን።

ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ዕትም እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። በ2015 የወጣው ኤችዲ ዕትም የመጀመሪያውን ጌም ማፕ ብቻ ነው የሚከፍተው፤ በተጨማሪ ክፍሎቹ ላይ የሠራችሁትን አያነበውም። ሆርን ኦፍ ዘ አቢስ በተባለው የደጋፊዎች ጭማሪ ላይ የተቀመጠ ማፕም በተራው ጌም አይከፈትም። ጓደኞቻችሁ ያላቸውን ጠይቃችሁ ሥሩ። ሌላው፣ ምልክት ላይ በአማርኛ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ይወጣል፤ የድሮው ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል አያውቅም። የቦታ ስሞቹን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ነው።

ሲቪላይዜሽንና ዩኒሲቭ፦ ሐይቅ ወይስ ባሕር?

ሲቪላይዜሽን 5 እና 6 ላይ ማፕ የሚሠራው ወርልድ ቢልደር በተባለው መሣሪያ ነው። ለ5ኛው ጌሙን ለገዛ ሰው በጌም መሸጫው በስቲም የመሣሪያዎች ክፍል ውስጥ በነጻ ይወርዳል፣ በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል። በ6ኛው ከጌሙ ውስጥ ይከፈታል።

ለሐዋሳ ማፕ ወሳኟ ቁጥር 10 ናት። ከ10 ሄክስ ያነሰ በመሬት የተከበበ ውሃ ሐይቅ ይባላል፤ 10 ሲሞላ ጌሙ ባሕር ብሎ ይቆጥረዋል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። 6ኛው ላይ ንጹህ ውሃ አጠገብ የተቆረቆረ ከተማ 5 የመኖሪያ ቦታ ይዞ ይጀምራል፣ ባሕር ዳር 3፣ ውሃ የሌለው 2። ሐይቁን አሳምራችሁ 14 ሄክስ ብታደርጉት ሐዋሳ የጨው ውሃ ዳር ከተማ ትሆናለች። ጥቁር ውሃ አጠገቧ ካለፈ ግን ከወንዙ ንጹህ ውሃ ታገኛለች፣ ምዕራብ ዳር ያለው ተጫዋች ግን የለውም።

ስለዚህ ሐይቁን በ9 ሄክስ ያዙት። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር በ9 ስለሆነ አንድ ሄክስ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር 3.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። በዚህ ልኬት 5ኛው ላይ ትንሹ ማፕ፣ 40 በ24 የሆነው፣ ወደ 136 በ70 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሻሸመኔም ወንዶ ገነትም ይገባሉ። ሐዋሳና ሻሸመኔ 6 ሄክስ ያህል ይራራቃሉ፤ በ5ኛው ሁለት ከተሞች ቢያንስ 4 ሄክስ መራራቅ ስላለባቸው ይህ ይሠራል። ወንዶ ገነትና ሻሸመኔ ግን በጭንቅ ነው የሚበቃቸው፤ አንዱን ሄክስ ገፋ አድርጉት። ከዚህ ሰፋ ያለ ማፕ፣ 80 በ52 የሚሆነውን፣ ከመረጣችሁ ማፑ ሐዋሳ መሆኑ ይቀራል፤ ስምጥ ሸለቆን ሠርታችኋል።

ወንዝ በሁለቱም ላይ በሄክሶች ጠርዝ ላይ ነው የሚሰመረው። 5ኛው ላይ ያለ መንገድ ወንዝ የተሻገረ ጦር የቀረ እርምጃው ያልቃል፣ ወንዝ ተሻግሮ ሲያጠቃ 20% ይቀነስበታል። ረግረግ 3 እርምጃ ያስከፍላል፣ 15% ያዳክማል። ኮረብታ 25% ያበረታል፤ ተራራ ግን ጨርሶ አይረገጥም። ስለዚህ ታቦርንና አላሙራን ኮረብታ እንጂ ተራራ አታድርጓቸው፤ ተራራ ሆነው ከተማዋን ከኋላ የዘጉባት ማፕ ብዙ አይተናል።

6ኛው ላይ በ2020 በወጣው የኢትዮጵያ ጥቅል ምኒልክን የያዘ ተጫዋች ካለ ኮረብታውን ቁጠሩ። የምኒልክ ጦር ኮረብታ ላይ 4 የውጊያ ነጥብ ይጨምርለታል፣ ኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞቹም ከእምነታቸው 15% ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛሉ። በወንዶ ገነት በኩል ያለውን ደጋ እንዳለ ከቀዳችሁት ሌላው ተጫዋች የሚያማርረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዩኒሲቭ የ5ኛውን ሕግ ተከትሎ የተሠራ ነጻ ጌም ነው፤ በአንድሮይድ ስልክም በኮምፒውተርም ይሠራል፣ ኤዲተሩም በውስጡ ነው። ሥዕሉ ደረቅ ነው፣ ለማፕ ሥራ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ሐይቅ ራሱን የቻለ የመሬት ዓይነት ነው። 10 ቆጥሮ ወደ ባሕር አይለወጥባችሁም፣ የፈለጋችሁትን ያህል አስፉት። ስፋቱን በራዲየስ ብትመርጡ 10 ስትሉ 331 ሄክስ፣ 15 ስትሉ 721፣ 20 ስትሉ 1261 ይሆናል። በስልክ ከሆነ ከ15 አትለፉ፤ ወደ መጨረሻው ዘመን ላይ የኮምፒውተሩን ተራ መጠበቅ ሻይ አፍልቶ ያስጠጣል። የስልክ ጣት ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ አጉልታችሁ ሐይቁን፣ ቀጥሎ ወንዙን፣ በመጨረሻ ኮረብታውን ቀቡ፤ ወንዙን ከቀባችሁ በኋላ መሬቱን ብትለውጡ ተመልሳችሁ ወንዙን ማየት አለባችሁ።

ፍሪሲቭስ?

በ1995 በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት፣ ሲቪላይዜሽንን የሚመስለው ፍሪሲቭም በነጻ ይገኛል፣ አሮጌ ማሽን ላይም ይሮጣል። ምክራችን ማፑን በጽሑፍ መሥራት ለሚወድ ሰው ብቻ ነው። የማፑ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ መስመር ነው፣ እያንዳንዱ ካሬ አንድ ፊደል፤ ሐይቅ በመደመር ምልክት፣ ባሕር በባዶ ቦታ ይጻፋል። ደብተራችሁን በኖትፓድ መገልበጥ ማለት ነው። ከአንዱ መስመር አንድ ፊደል ከጎደለ ማፑ አይከፈትም። ባዶ ቦታ ባሕር ስለሆነ የጎደለውን በዓይን ማግኘት አይቻልም፤ የመስመሮቹን ርዝመት ቁጠሩ።

ከማን ጋር፣ በምን ትጫወታላችሁ?

የብዙ ሰው ማፕ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ማፑ ጥሩ ይሆንና ሁለተኛው ሰው ጋ አይደርስም።

ዌስኖት ላይ ያስቀመጣችሁት ማፕ በብዙ ተጫዋች ክፍል ውስጥ በተጠቃሚ ማፖች ሥር ይታያል። ጨዋታውን የከፈተው ሰው ማሽን ማፑን ለሌሎቹ ራሱ ይልክላቸዋል፤ እነሱ አስቀድመው ማውረድ የለባቸውም። 33 በ26 የሆነው ፋይል ከ10 ኪሎባይት ብዙም አይበልጥም። ኢንተርኔት ሳይኖር በአንድ ስልክ ሆትስፖት መገናኘት ይቻላል፤ በብዙ አንድሮይድ ስልክ ዳታው ጠፍቶም ሆትስፖቱ ይሠራል፣ ፓኬጅ አይበላም። አንዱ ላፕቶፕ ካልተገናኘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው፤ ጌሙ የሚጠቀመው ፖርት 15000 ነው፣ ፈቃድ ስጡት። የጌሙ ዕትም ቁጥር በሁሉም ማሽን አንድ መሆን አለበት፤ አንዱ አሮጌ ዕትም ከያዘ አይገናኝም።

ሂሮስ 3 ላይ ላፕቶፑን እየተቀባበሉ መጫወት አለ፤ ለሻይ ቤት ጠረጴዛና ለዶርም ከዚህ የተሻለ የለም። በየማሽኑ ከተጫወታችሁ ግን የማፑ ፋይል በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ጠባቂ ቀይራችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ስሙን ሳትለውጡ ለአንዱ ብቻ ከሰጣችሁ ጭቅጭቁን ትደርሱበታላችሁ። በየለውጡ መጨረሻ ቁጥር ጨምሩ፦ ሐዋሳ 3፣ ሐዋሳ 4።

ዩኒሲቭ ማፑን እንደ ጽሑፍ ኮፒ ያደርገዋል፣ ሌላው ሰው ፔስት አድርጎ ይከፍተዋል። ቴሌግራም ላይ እንደ መልእክት አትላኩት፤ አንድ መልእክት ከ4096 ፊደል ስለማያልፍ ጽሑፉ ይቆራረጣል፣ ሲገጣጠም አንዲት ቁራጭ ከጎደለች አይከፈትም። በጽሑፍ ፋይል አድርጋችሁ አያይዙት።

ሲቪላይዜሽን ላይ ተጨማሪ ጥቅሎቹ በሁሉም ዘንድ አንድ ካልሆኑ ማፑ አብሮ አይጫወትም። ሐዋሳ ላይ አራት ሰው ሰብስባችሁ አራቱም አንድ ዓይነት ጥቅል ያላቸው መሆኑ ብርቅ ነው፤ ማፑን በዋናው ጌም ላይ ብቻ ሥሩት፣ ከጥቅሎቹ የሚመጣ ማዕድንም ሆነ የተፈጥሮ ድንቅ አትጨምሩበት።

በየትኛውም ላይ ብትሠሩ መጀመሪያ የምትፈትሹት ሁለቱንም ወገን ራሳችሁ ይዛችሁ ነው። ዌስኖት ላይ 6 ዙር፣ ሂሮስ ላይ 2 ሳምንት፣ ሲቪላይዜሽንና ዩኒሲቭ ላይ ሁለተኛው ከተማ እስኪቆረቆር። ከምሥራቅና ከምዕራብ የተነሡት ሁለቱ ወገኖች መጀመሪያ የተያዩበትን ሄክስና ዙር ደብተሩ ላይ ጻፉ። ከዚያ ቦታ ቀይራችሁ ድገሙት፤ ቁጥሩ ከአንድ ዙር በላይ ከተለያየ አዛዡን አንሡና በሁለት ሄክስ አስጠጉ፣ ሐይቁን አትንኩ።